ቤቱ ሳይሰናዳ ፋይበር፣ ሳይለካ ፊርማ

ራቤል ላይ ቤት የሚሠራ ሰው ድንጋይ አይቸግረውም። ግንበኛው ግድግዳውን ሲያወፍር የሚያስበው ብርዱን ነው፤ የመንዝና የጊሼ ደጋ ንፋስ፣ የጥቅምትና የኅዳር ውርጭ በስስ ግድግዳ የሚመለሱ አይደሉም። ይህ ወፍራም ግድግዳ ታዲያ ብርዱን እንደሚያስቀር ሁሉ የዋይፋይ ሞገድንም ያስቀራል። ሳሎን ጥግ ላይ የተቀመጠ ራውተር ሳሎኑን ያዳርስና ጓዳው ሲደርስ ይደክማል። ከጓሮ በኩል ባለችው ክፍል መጽሐፉን ዘርግቶ የተቀመጠ ተማሪ ስልኩ «ተገናኝቷል» እያለው አንድ ገጽ እንኳ አይከፍትለትም። አባት የከፈለው ለ25 ሜጋ ነው፤ ልጅ ጋ የሚደርሰው 2 ነው። አባት አቅራቢውን ድርጅት ይወቅሳል፤ አቅራቢው «መስመሩ ደኅና ነው» ይላል። ሁለቱም እውነታቸውን ሊሆን ይችላል።

እንዲህ ያለው ክርክር የሚነሳው ሁለት ነገሮች ሳይደረጉ ስለሚቀሩ ነው። ቤቱ መስመሩ ከመግባቱ በፊት አልተሰናዳም፤ ፍጥነቱም በርክክቡ ቀን በገመድ ተለክቶ ወረቀት ላይ አልሰፈረም። የመጀመሪያው የባለቤቱ ሥራ ነው። ሁለተኛው የአቅራቢውና የተቆጣጣሪው ግዴታ ሊሆን ይገባዋል።

ራቤል የጊሼ ራቤል ወረዳ መቀመጫ ናት። ወረዳው በሰሜን ሸዋ ዞን ጫፍ ላይ ሆኖ ከደቡብ ወሎ ጋር ይዋሰናል፤ በደቡብ በኩል መንዝ ጌራ ምድርና መሐል ሜዳ አሉ። ገብስና በግ የኑሮው ምሰሶዎች ናቸው። የቤት ፋይበር ለእንዲህ ያሉ ከተሞች የሚደርሰው አዲስ አበባና ደብረ ብርሃን ካዩት በኋላ ነው። ዘግይቶ መድረስ ያበሳጫል፤ ግን አንድ ትርፍ አለው። ቀድሞ ያስገባው ሰው የት የት እንደተሳሳተ አይቶ መሰናዳት ይቻላል።

አገሪቱ ኢንተርኔትን የተዋወቀችው በአብዛኛው በእጅ ስልክ ነው። በ2016 በጀት ዓመት መጨረሻ ኢትዮ ቴሌኮም ከ78 ሚሊዮን በላይ ደንበኞች እንዳሉት ሲያስታውቅ፣ ከእነዚህ ውስጥ የመደበኛ ብሮድባንድ ተጠቃሚዎቹ አንድ ሚሊዮን እንኳ አይሞሉም ነበር። መስከረም 26 ቀን 2015 አዲስ አበባ ላይ ሥራ የጀመረው ሳፋሪኮም ኢትዮጵያም ሰው ዘንድ የገባው በሲም ካርድ ነው። ሲም ካርድ የቤት ዝግጅት አያስፈልገውም። ጥቅል መግዛት፣ ኔትወርክ ሲጠፋ ደጅ ወጥቶ ከፍ ያለ ቦታ መፈለግ፣ ሲመለስ መግባት ነው። በዚህ ልማድ ያደገ ሰው ፋይበር ሲያስገባም ቴክኒሻኑ መጥቶ፣ አንድ ቦታ በስቶ፣ አንድ ቦታ ሰቅሎ እስኪሄድ ቆሞ ያያል። ቡና ይቀርባል፣ ምስጋና ይባላል። ግማሽ ቀን የማይፈጀው ሥራ ግን ቤቱ ውስጥ ለዓመታት ይኖራል፤ ቀዳዳው የተበሳበት ቦታ ራውተሩ የት እንደሚቀመጥ ይወስናል፣ ራውተሩ የተቀመጠበት ቦታ ደግሞ የትኛው ክፍል ኢንተርኔት እንደሚኖረው ይወስናል።

ወደ ቤት የሚገባው ነገር ራሱ ሲታይ ምንም አይመስልም። ጥቁር ወይም ነጭ ስስ ገመድ ነው፤ በውስጡ አንዲት የመስታወት ክር አለች፤ ብርሃኑ የሚጓዝበት የክሩ እምብርት 9 ማይክሮን ገደማ ብቻ ይወፍራል፤ ከሰው ፀጉር በብዙ እጥፍ ይቀጥናል። ብርሃን በዚህ መስታወት ውስጥ በሰከንድ 200 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል። ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው መስመር ላይ ደርሶ ለመመለስ የሚፈጅበት ጊዜ 3 ሚሊ ሰከንድ ነው። ስለዚህ ከአዲስ አበባ መራቅ በራሱ ኢንተርኔትን ቀርፋፋ አያደርግም። ቀርፋፋ የሚያደርጉት በመንገድ ላይ ያሉት መጋራትና መጨናነቅ፣ ቤት ሲደርስ ደግሞ ግድግዳው ነው።

መጋራቱ ለምን እንደሚኖር መረዳት ይጠቅማል። በዓለም ላይ በብዛት የተሰራጨው የቤት ፋይበር አሠራር ጂፖን ይባላል። ከማዕከሉ የምትወጣው አንዲት ክር ሰፈር ስትደርስ መብራት በማይፈልግ ትንሽ መክፈያ ትከፈልና ለ32 ወይም ለ64 ቤት ትዳረሳለች። ወደ ቤቶቹ የሚመጣው የጠቅላላው አቅም በሰከንድ 2.5 ጊጋ ቢት ያህል፣ ከቤቶቹ የሚወጣው ደግሞ የዚያ ግማሽ ነው። መንዝ እንዲህ ያለውን ነገር ከማንም በላይ ያውቀዋል። የጓሳን ሣር ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በቄሮ ሥርዓት፣ በአባ ቄራ ዳኝነት፣ ዘግተውና ከፍተው በጋራ ሲጠቀሙ የኖሩ ሰዎች አገር ነው፤ ሣሩ የሚበቃው ስንት ሰው መቼ እንደሚያጭድ ታውቆ ሲሠራ ብቻ ነበር። ፋይበሩም አቅራቢው በአንድ ክር ላይ ስንት ቤት እንደሚያንጠለጥልና ከከተማው ወደ ውጭ የሚወስደውን መስመር ምን ያህል እንደሚያሰፋ ታስቦ ካልተሠራ፣ ማታ ሁሉም ሲከፍት ለሁሉም ያንሳል። ይህን ደንበኛው በዓይኑ ማየት አይችልም። በልኬት ግን ይደርስበታል።

የቤቱ ዝግጅት የሚጀምረው ከደጅ ነው። ገመዱ ከምሰሶ ወደ ቤት በአየር የሚመጣ ከሆነ መንገድ የሚያቋርጥበት ከፍታ ጭድ ወይም እንጨት የቆለለ አይሱዙ የማይደርስበት መሆን አለበት። ባሕር ዛፍ መሃል የሚያልፍ ገመድ በንፋስ ይፋተጋል፤ የጎረቤት ዛፍ ሲቆረጥ ደግሞ አብሮ ይወርዳል። አጥር የሚጋሩ ሰዎች ስለዚህ ቀድመው ቢነጋገሩ ይሻላል፤ ቴክኒሻኑ መሰላሉን ከደገፈ በኋላ የሚጀመር የወሰን ክርክር ለማንም አይበጅም። ተከራይ ከሆነ የአከራዩን ፈቃድ ቀድሞ መያዝ አለበት። ቃል ብቻ ሳይሆን፣ ቀዳዳው የት እንደሚበሳና ተከራዩ ሲለቅ የክሩን ብርሃን ተቀብሎ ለራውተሩ የሚያቀብለው ሳጥን ከማን ጋር እንደሚቀር ሁለት መስመር ቢጻፍ አከራይም ተከራይም ያርፋሉ።

የድንጋይ ግድግዳን መብሳት ደግሞ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። በጭቃ የተገነባ የድንጋይ ግድግዳ በመሰርሰሪያ ሲመታ ድንጋዩ ሊነቃነቅ፣ ልስኑም ሊረግፍ ይችላል። የመስኮቱ ወይም የበሩ እንጨት በኩል ማለፍ ብዙ ጊዜ ይቀላል። የግድ ግድግዳ ከተበሳ ቀዳዳው ከውስጥ ወደ ውጭ ዘመም ይበል፤ ገመዱም ከመግባቱ በፊት ከቀዳዳው ዝቅ ብሎ ይታጠፍና ይመለስ፤ አለበለዚያ የሐምሌ ዝናብ ገመዱን ተከትሎ ሳሎን ይገባል። ቀዳዳው በሲሚንቶ ወይም በሲሊኮን ይደፈን። አይጥ ገመድ ትወዳለች።

ዋናው ውሳኔ ሳጥኑ የሚቀመጥበት ቦታ ነው። ቴክኒሻን በተፈጥሮው ከምሰሶው ቅርብ የሆነውን ጥግ ይመርጣል፤ ገመድም ጊዜም ይቆጥባል። ቤተሰቡ የሚያስፈልገው ግን የቤቱ መካከል፣ ከወለል ከፍ ያለ፣ ከቆርቆሮና ከብረት ቁም ሳጥን የራቀ ቦታ ነው። ባለቤቱ አንድ ቀን ቀደም ብሎ ቦታውን በኖራ ወይም በእርሳስ ምልክት ቢያደርግ፣ እዚያው ሶኬት ቢያስገባ ወይም ገመዱ የተጠበቀ ማከፋፈያ ቢያደርስ፣ ክርክሩ በአምስት ደቂቃ ያልቃል። ራውተሮች በአብዛኛው ሁለት ሞገድ ይረጫሉ። 2.4 ጊጋ ኸርዝ የሚባለው ቀርፋፋ ቢሆንም ግድግዳ በተሻለ ያልፋል፤ 5 ጊጋ ኸርዝ ፈጣን ነው፣ ወፍራም ድንጋይ ፊት ግን ቶሎ ይሸነፋል። ቤቱ በሁለት ወፍራም ግድግዳ ከተከፈለ የሚያዋጣው ወደ ጓዳው አንድ የኔትወርክ ገመድ መሳብና ጫፉ ላይ ሁለተኛ ርካሽ ራውተር ማስቀመጥ ነው። ብዙ ሰው ግን ይህን ትቶ ጥቅሉን ከ25 ወደ 50 ሜጋ ያሳድጋል፤ ወርኃዊው ክፍያ ይጨምራል፣ የጓዳው 2 ሜጋ ግን 2 ሜጋ ሆኖ ይቀጥላል።

ሥራው እየተሠራ ባለቤቱ ሊያያቸው የሚገቡ ጥቂት ነገሮችም አሉ። ክሩ እንደ መብራት ሽቦ አይታጠፍም፤ ከቡና ሲኒ አፍ ጠበብ ብሎ የተጠቀለለ ገመድ ብርሃኑን በመታጠፊያው ላይ ያፈሳል። ጫፉ ላይ ያለው ብዙ ጊዜ አረንጓዴ የሆነው መሰኪያ በጣት አይነካም። ወደ ክሩ ጫፍ ቀርቦ ማየትም አይገባም፤ በውስጡ የሚያልፈው ብርሃን ለዓይን አይታይም፣ ዓይንን ግን ሊጎዳ ይችላል። ከሁሉ የሚረሳው ቁራጩ ነው። ቴክኒሻኑ ክሩን ሲቆርጥ የሚወድቁት ስባሪዎች መስታወት ናቸው፤ ሕፃን በሚድህበት ወለል ላይ ከወደቁ ማንም አያያቸውም። አንድ የፕላስቲክ ጠርሙስ አቅርቦ እዚያ እንዲከታቸው መጠየቅ ነውር የለውም።

ሥራው ሲያልቅ ደግሞ ሌላ ጥያቄ አለ፦ «የብርሃኑ ጉልበት ስንት ሆኖ ደረሰ?» ቴክኒሻኑ የሚለካበት መሣሪያ አለው፤ ብዙ ሳጥኖችም ቁጥሩን በራሳቸው ገጽ ላይ ያሳያሉ። በጂፖን መስመር ላይ ቁጥሩ ከዜሮ በታች ከ8 እስከ 27 ባለው መካከል ይሆናል፤ ወደ 27 በተጠጋ ቁጥር ብርሃኑ ደክሟል ማለት ነው። ሦስት ነጥብ መውረድ ጉልበቱ በግማሽ ቀነሰ ማለት ነው። ዛሬ 26 ላይ የተተወ ቤት ነገ ገመዱ ትንሽ ሲታጠፍ ወይም መሰኪያው አቧራ ሲይዝ ቀይ መብራት ያበራል። ቁጥሩ ተጽፎ ከተያዘ፣ በሚቀጥለው ክረምት ብልሽት ሲመጣ ጥፋቱ መስመሩ ላይ ይሁን ቤት ውስጥ ለመለየት ያግዛል።

መብራቱስ? የድሮው የመስመር ስልክ የሚሠራው ከማዕከሉ በሚመጣ 48 ቮልት ነበር፤ ቤቱ ጨልሞም ስልኩ ይጮህ ነበር። ፋይበር እንዲህ አይደለም። ክሯ ኤሌክትሪክ አትሸከምም፤ ሳጥኑም ራውተሩም የሚኖሩት በቤቱ መብራት ነው። መብራት ሲሄድ ኢንተርኔቱም አብሮ ይሄዳል። ኢትዮጵያ ይህን ትምህርት አንዴ በውድ ዋጋ ተምራዋለች። በ1990ዎቹ መጨረሻ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የገባው የፕላዝማ ትምህርት በሳተላይት በቀጥታ የሚተላለፍ ነበርና መብራት በሄደበት ክፍል ትምህርቱ ተማሪውን ጥሎ ያልፍ ነበር፤ መምህሩ አቁሞ የሚያስረዳበት፣ ወደ ኋላ የሚመልስበት መንገድ አልነበረውም። ስክሪኑ ተገዛ፣ አንቴናው ተተከለ፤ የመብራቱ ነገር ግን ለዕድል ተተወ።

የቤቱ ሳጥንና ራውተር የሚወስዱት ጥቂት ነው፤ ብዙዎቹ በ12 ቮልት ይሠራሉ፣ አንዱ ከ10 ዋት ብዙ አይርቅም። ስለዚህ ለዚህ ሥራ የሚሸጥ አነስተኛ ባትሪ ለሰዓታት ያቆያቸዋል፤ ቤቱ ላይ ሶላር ያለው ሰውም ከዚያው ሊቀጥልላቸው ይችላል። ከሁለቱ የትኛውንም ሲያደርግ ግን በመሣሪያው አዳፕተር ላይ የተጻፈውን ቮልት አይቶ ነው፤ በግምት የተሰካ ሽቦ ሳጥኑን ያቃጥላል። በደጋው የክረምት መብረቅ ጊዜ ደግሞ የመስታወቷ ክር ራሷ መብረቅ አታመጣም፤ ገመዱን ደግፎ የያዘው ብረትና የመብራቱ ሽቦ ግን ያመጣሉ። ነጎድጓድ ሲጠጋ አዳፕተሩን ከሶኬት መንቀል ከማንኛውም መከላከያ ይረክሳል።

ወደ ልኬቱ እንምጣ፤ ከሁሉ የሚበዛው መደናገር ያለው እዚህ ነውና። የሚሸጠው ፍጥነት በሜጋ ቢት ይነገራል፤ ኮምፒውተሩ ፋይል ሲያወርድ የሚያሳየው ደግሞ ብዙ ጊዜ በሜጋ ባይት ነው፤ አንዱ ባይት 8 ቢት ነው። 25 ሜጋ የገዛ ሰው ኮምፒውተሩ ላይ 3 ገደማ ሲያይ የተታለለ ይመስለዋል፤ አልተታለለም። አንድ ጊጋ ባይት የሚሆን ፊልም በእውነተኛ 25 ሜጋ ከ5 ደቂቃ ተኩል ባልበለጠ ጊዜ ይወርዳል፤ በ10 ሜጋ 13 ደቂቃ ይፈጃል። ኔትፍሊክስ ለሙሉ ኤችዲ ምስል የሚጠይቀው 5 ሜጋ፣ ለፎር ኬ 15 ሜጋ ነው። ሁለት ተማሪና አንድ ቴሌቪዥን ላለበት ቤት የማይዋዥቅ 15 ሜጋ ከሚዋዥቅ 100 ይበልጣል፤ ይህን ግን ማስታወቂያ ሲናገር አይሰማም።

ሲለካ በስልክ፣ በዋይፋይ፣ አልጋ ላይ ተጋድሞ አይደለም። ኮምፒውተር በገመድ ከሳጥኑ ጋር ይያያዛል፤ የሌላው ሰው ስልክ ሁሉ ከዋይፋዩ ይወጣል፤ የሚወርድና የሚዘመን ነገር ይቆማል። ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለው የኡክላ ስፒድቴስት፣ ኔትፍሊክስ በ2016 እ.ኤ.አ. ያወጣው ፋስት፣ ውጤቱን ለሕዝብ ክፍት የሚያደርገው ኤም ላብ ሁሉም በነፃ ይገኛሉ። ውጤታቸው ግን አንድ አይሆንም፣ መሆንም የለበትም። ስፒድቴስት በራሱ ሲተው የሚመርጠው ቅርብ ያለውን ሰርቨር ነው፤ እሱም የአቅራቢው ራሱ ሊሆን ይችላል፤ ያ የሚነግረው ከቤት እስከ አዲስ አበባ ያለውን መንገድ ብቻ ነው። ኢትዮጵያ ባሕር የላትም። ወደ ውጭ የሚሄደው ነገር በጅቡቲና በኬንያ በኩል ተሻግሮ ነው የባሕር ሥር ገመድ የሚያገኘው። ስለዚህ አንዴ በቅርብ ባለ ሰርቨር፣ አንዴ በአውሮፓ ባለ ሰርቨር መለካት ያስፈልጋል፤ የመጀመሪያው 25፣ ሁለተኛው 6 ከመጣ ችግሩ የራቤል ገመድ ላይ እንዳልሆነ ይታወቃል።

ሰዓቱም ይለያያል። ማለዳ ላይ የተለካ ፍጥነት ባዶ መንገድ ላይ እንደ መንዳት ነው፤ ማታ ከአንድ እስከ አራት ሰዓት ያለው ነው የመስመሩን እውነተኛ አቅም የሚያሳየው። በገመድ ተለክቶ ሁልጊዜ 94 ወይም 95 ላይ የሚቆም ውጤት ከመጣ ደግሞ ችግሩ ከውጭ ላይሆን ይችላል፤ የሳጥኑ መሰኪያ ወይም ገመዱ ከ100 ሜጋ በላይ አያሳልፍም ማለት ነው። አንድ ማስጠንቀቂያም አለ። ልኬቱ ራሱ ዳታ ይበላል፤ በ100 ሜጋ ለ10 ሰከንድ ብቻ ቢለካ 125 ሜጋ ባይት ይሄዳል። ያልተገደበ ፋይበር ላይ ምንም አይደለም። በሞባይል ጥቅል ላይ ደጋግሞ የሚለካ ሰው ግን ጥቅሉን በልኬት ይጨርሳል።

ይህ ሁሉ በደንበኛው ትከሻ ላይ መጣሉ ግን ተገቢ አይደለም። በብዙ ቤት ርክክብ ማለት ቴክኒሻኑ በራሱ ስልክ አንድ ቪዲዮ ከፍቶ «ይኸው ይሠራል» ማለቱ ነው። ባለቤቱ ይፈርማል። የፈረመበት ወረቀት ላይ የጥቅሉ ስም አለ፤ በቤቱ የተለካው ፍጥነት የለም። ከሦስት ወር በኋላ ወደ ኢትዮ ቴሌኮም የደንበኞች መስመር 994 ደውሎ «ቀርፋፋ ሆነብኝ» ሲል ከምን ጋር አነጻጽሮ እንደሆነ የሚያሳይ ማስረጃ በእጁ የለም።

ሌላው አገር ይህን ክፍተት በአሠራር ደንብና በሕግ ደፍኖታል። በብሪታንያ የመገናኛ ተቆጣጣሪው ኦፍኮም ከማርች 2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ባጠናከረው የአሠራር ደንብ የፈረሙ አቅራቢዎች ከውሉ በፊት ለደንበኛው ዝቅተኛውን የተረጋገጠ ፍጥነት መንገር አለባቸው፤ ከዚያ በታች ወርዶ በአንድ ወር ውስጥ ካልተስተካከለ ደንበኛው ያለ ቅጣት ውሉን ይተዋል። ጀርመን ከ2021 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ ከዚህም አልፋለች። ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት የራሱን መለኪያ ፕሮግራም አዘጋጀ፤ ደንበኛው በሦስት የተለያዩ ቀናት በገመድ 30 ጊዜ ለክቶ ፍጥነቱ ከተዋዋለው ማነሱ ከታየ ክፍያው ይቀነስለታል ወይም ውሉን ያፈርሳል። ሠላሳ ጊዜ መለካት ያሰለቻል፤ ጀርመኖቹም ያማርራሉ። ነገር ግን ክርክሩ ከስሜት ወደ ቁጥር ተሸጋገረ።

ኢትዮጵያም ባዶ እጇን አይደለችም። በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን የደንበኞችን መብት የሚመለከት መመሪያ አውጥቷል፤ የአገልግሎት ጥራትን መከታተልም ሥልጣኑ ነው። የሚቀረው ይህ ሥልጣን ወደ ሳሎን እንዲገባ ማድረግ ነው። በእያንዳንዱ የፋይበር ርክክብ ቅጽ ላይ አራት ነገር ይስፈር፦ በገመድ የተለካው የማውረጃና የመጫኛ ፍጥነት፣ የብርሃኑ ጉልበት፣ የተለካበት ሰዓትና ሰርቨር፣ ከዚህ በታች ከወረደ አቅራቢው በስንት ቀን እንደሚያስተካክል። ቴክኒሻኑ መለኪያውን ይዞ ነው የሚመጣው፤ ተጨማሪው ድካም መጻፉ ብቻ ነው።

አቅራቢዎች የሚያነሱት ተቃውሞ አስቀድሞ ይታወቃል። መብራቱ የእኛ አይደለም፣ መንገድ ሠሪ በኤክስካቫተር ገመዳችንን ይቆርጣል፣ የደንበኛው ራውተር አሮጌ ነው ይላሉ። እውነታቸውን ነው። ለዚህም ነው ዝቅተኛው ፍጥነት በገመድ፣ ከሳጥኑ ላይ ብቻ የሚለካ መሆን ያለበት፤ የድንጋዩ ግድግዳ የባለቤቱ ኃላፊነት ይሆናል፣ ከሳጥኑ ወደ ውጭ ያለው የአቅራቢው። የተቆረጠ ገመድም ቢሆን አቅራቢው በስንት ቀን እንደሚጠግን ቃል እንዳይገባ አያግደውም።

ከፍጥነት በፊት የሚመጣ ጥያቄም አለ። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደነበር የክልሉ ነዋሪ ሁሉ ያስታውሰዋል። ፍጥነቱ ዜሮ በሆነበት ቀን ስፒድቴስት ምንም አይለካም። ወርኃዊ ክፍያ የሚከፈልበት የቤት መስመር ሲስፋፋ ግን አንድ ነገር ግልጽ መደረግ አለበት፤ አገልግሎቱ ባልነበረባቸው ቀናት፣ ምክንያቱ ምንም ይሁን ምን፣ ሒሳቡ ይቁም። ይህ ለፖለቲካ ክርክር የሚተው ጉዳይ አይደለም፤ የሒሳብ ጉዳይ ነው።

አንዳንዱ «ራቤል ላይ ገና መስመሩ በደንብ ሳይዳረስ ስለ ዝቅተኛ ፍጥነት ማውራት ቅንጦት ነው» ሊል ይችላል። ይህ ክርክር የሚጣፍጠው ከአዲስ አበባ ሆኖ ለሚናገር ነው። በ2016 የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በከፊል በኦንላይን ተሰጥቷል፤ ውጤትም በድረ ገጽ ነው የሚታየው። የጊሼ ልጅ ከቦሌ ልጅ ጋር የሚፈተነው አንድ ፈተና ነው፤ መስመሩ ግን አንድ አይደለም። ልዩነቱ ስንት እንደሆነ ካልተለካ ደግሞ ማንም ሊያጠበው አይችልም።

ልኬቱን የሚሠራ ሰውም አይጠፋም። የሁለተኛ ደረጃው የአይሲቲ መምህር፣ ኮምፒውተር የሚጠግነው ወጣት፣ ፎቶ ኮፒ ቤት ያለው ሰው በወር አንድ ጊዜ፣ አንዴ ማለዳ አንዴ ማታ ሁለት ሰዓት፣ በገመድ ለክቶ ቢመዘግብ በዓመት ውስጥ ወረዳው የራሱ ማስረጃ ይኖረዋል። ባለሥልጣኑ ደግሞ ከየአቅራቢው የሚሰበስበውን ቁጥር በክልል ሳይሆን በወረዳ ለይቶ በየሩብ ዓመቱ ቢያወጣ፣ የጊሼ ራቤል ቁጥር ከደብረ ብርሃን ቁጥር ጎን ሰፍሮ ይታያል፤ የወረዳው አስተዳደርም ከአቅራቢዎች ጋር ሲቀመጥ በእጁ የሚይዘው ወረቀት ይኖረዋል።